ሚኻይል ቦትቪኒክና የቼዝ መኪናው

በተማሪዎች መዝናኛ ክፍል ቼዝ የሚጫወቱትን ጓደኞቻችንን ከብበን ስናይ፣ ጨዋታው ባለቀ ቍጥር የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ኮምፒዩተር ታላላቆቹን የቼዝ ሊቃውንት፣ ግራንድ ማስተር የሚባሉትን፣ በእውነት ያሸንፋቸዋልን? የሚያሸንፋቸውስ አስቦ ነው ወይስ ቈጥሮ? አንዱ ወገን መኪና ምን ያውቃል ይላል፤ ሌላው ወገን ደግሞ መርታት ከቻለ ማወቁ ምን ያጠራጥራል ይላል። እራት እስኪደርስ ድረስ ክርክሩ አይቆምም፤ በማግሥቱም እንደገና ይጀመራል።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ከታወቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ዛሬ በኪስ በሚያዝ ስልክ ላይ የሚሠራ የቼዝ ፕሮግራም የዓለሙን ሻምፒዮን ይረታል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ለጓደኞቼ ላቀርብላቸው የፈለግሁት የአንድ ሰው ታሪክ ነው። ይህ ሰው የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን ነበር፤ በሙያውም መሐንዲስ ነበር። ብዙ ሊቃውንት በሚጠራጠሩበት ዘመን፣ መኪና አንድ ቀን ሻምፒዮኖችን እንደሚያሸንፍ እርሱ አምኖ፣ ያንኑ መኪና ለማስተማር ሠላሳ ዓመት ያህል ደከመ። በመጨረሻም መኪናው አሸነፈ፤ ነገር ግን ያሸነፈው የእርሱ መኪና አልነበረም፤ የሄደበትም መንገድ እርሱ ያልወደደው መንገድ ነበር።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። መኪና የምለውም አባቶቻችን የጽሕፈት መኪና፣ የስፌት መኪና ይሉ በነበረው ትርጕም ነው።)

ሚኻይል ቦትቪኒክ በኦገስት 17 ቀን 1911 ኩኦካላ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ተወለደ። መንደሪቱ በዚያ ጊዜ በሩስያ ንጉሠ ነገሥት ሥር በነበረው በፊንላንድ ግዛት ውስጥ ስትሆን፣ ዛሬ ሬፒኖ ተብላ በሩስያ ውስጥ ትገኛለች። ወላጆቹ አይሁድ ነበሩ። አባቱ የጥርስ ሠራተኛ፣ እናቱም የጥርስ ሐኪም ነበሩ። ሕፃኑ ያደገው በፔትሮግራድ ከተማ ሲሆን፣ ይህችም ከተማ በኋላ ሌኒንግራድ ተባለች፤ ዛሬ ደግሞ ወደ ቀድሞ ስሟ ተመልሳ ሴንት ፒተርስበርግ ትባላለች። አባቱ ቤተ ሰቡን ትቶ ስለ ሄደ ልጆቹ ያደጉት በእናታቸው እጅ ነበር።

ቦትቪኒክ ቼዝን የተማረው አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ነው። ይህም ለታላላቅ የቼዝ ተጫዋቾች እንደ መዘግየት የሚቈጠር ነው። ያስተማረውም የወንድሙ የትምህርት ቤት ጓደኛ ሲሆን፣ የተጫወቱትም በእጅ በተሠሩ ጠጠሮች ነበር። ይሁን እንጂ ልጁ ፈጥኖ ገሠገሠ። በ1925 በዚያን ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኩባዊው ካፓብላንካ ወደ ሌኒንግራድ መጥቶ ከብዙ ሰዎች ጋር በአንድ ጊዜ በተጫወተ ጊዜ፣ ከተጋጣሚዎቹ አንዱ የአሥራ አራት ዓመቱ ቦትቪኒክ ነበር። ጨዋታውም ሲያልቅ ልጁ ሻምፒዮኑን ረታ።

እንዲህ ያለ ዕድል የገጠመው ልጅ ትምህርቱን ትቶ በቼዝ ብቻ ይኖራል ተብሎ ይታሰብ ይሆናል። ቦትቪኒክ ግን እንዲህ አላደረገም። በሌኒንግራድ ፖሊቴክኒክ ገብቶ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማረ፤ ከዚያም በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ሁለቱን ሥራዎች አጣምሮ ያዘ። በ1931 ገና ሃያ ዓመቱ ሳለ የሶቪየት ኅብረት ሻምፒዮን ሆነ። በ1933 ከቼኮዝሎቫኪያው ጐበዝ ከፍሎር ጋር ዐሥራ ሁለት ጨዋታ ገጥሞ፣ በመጀመሪያው እኩሌታ በሁለት ነጥብ ቢመራም፣ በኋላ ደርሶበት እኩል ለእኩል ተለያዩ። በ1936 በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም በተደረገው ታላቅ ውድድር ከካፓብላንካ ጋር አንደኛነቱን ተካፈለ።

የዚህ ሰው ኀይል ከየት የመጣ ነው ብለን ብንጠይቅ፣ ከሌሎቹ ልዩ የሚያደርገው ዝግጅቱ ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩት ብዙዎች በተፈጥሮ ስጦታቸው ይተማመኑ ነበር። ቦትቪኒክ ግን ቼዝን እንደ ምሕንድስና ያዘው። የተጋጣሚውን ያለፉ ጨዋታዎች ሰብስቦ ያጠናል፤ የራሱን ጨዋታዎች ደግሞ ከተጋጣሚው ይልቅ አጥብቆ ይመረምራል፤ ስሕተቱን በጽሑፍ ያወጣል፤ ሌሎች እንዲነቅፉትም ያሳትመዋል። ጢስ ይረብሸው ስለ ነበር፣ ከጓደኛው ከራጎዚን ጋር የልምምድ ጨዋታ ሲያደርግ ራጎዚን ሆን ብሎ ሲጋራ እያጨሰ ጢሱን ወደ ፊቱ እንዲለቅበት አደረገ። ሬዲዮም እየጮኸ ይጫወቱ ነበር። እንዲህ አድርጎ የውድድሩን ቀን ችግር ሁሉ አስቀድሞ በቤቱ ለመደው።

በ1941 የጀርመን ጦር ወደ ሌኒንግራድ ሲቃረብ ከባለቤቱ ጋር ከተማዋን ለቆ ወጣ። ባለቤቱ ጋያኔ አናኖቫ የባሌት ዳንሰኛ ነበረች፤ የእርሷ ቲያትር ወደ ኡራል ተራራዎች አካባቢ ሞሎቶቭ ወደ ተባለችው፣ ዛሬ ፔርም ወደምትባለው ከተማ ሲዛወር እርሱም አብሮ ሄደ። ዐይኑ ደካማ ስለ ነበር ለወታደርነት አልበቃም፤ የጦርነቱንም ዘመን በከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኀይል መሥመር መሐንዲስነት አሳለፈ። ማታ ማታ ግን የቼዝ ማስታወሻውን መጻፍ አላቋረጠም።

የዓለም ሻምፒዮን የነበረው አሌኺን በ1946 ማዕርጉን እንደ ያዘ ስለ ሞተ፣ በ1948 አምስት ታላላቅ ተጫዋቾች በሄግና በሞስኮ ተሰብስበው ተወዳደሩ። ቦትቪኒክ ከሃያ ጨዋታ 14 ነጥብ አግኝቶ፣ ሁለተኛ የሆነውን ስሚስሎቭን በሦስት ነጥብ በልጦ፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1951 ከብሮንስታይን ጋር እኩል ለእኩል ተለያይቶ ማዕርጉን ጠበቀ፤ በዚያው ዘመንም በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የዶክተርነትን ማዕርግ ተቀበለ። በ1957 በስሚስሎቭ ተሸነፈ፤ በ1958 ማዕርጉን አስመለሰ። በ1960 የሃያ ሦስት ዓመቱ ታል እንደ መብረቅ መጥቶ አሸነፈው፤ ሰው ሁሉ ሽማግሌው አበቃለት ሲል፣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት በ1961 ታልን 13 ለ8 ረትቶ ለሦስተኛ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። በ1963 በፔትሮስያን ከተሸነፈ በኋላ ግን ተሸናፊው ሻምፒዮን እንደገና የመግጠም መብቱ ቀርቶ ስለ ነበር፣ ማዕርጉን ዳግመኛ አላገኘውም።

እስከዚህ ድረስ የነገርኋችሁ አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ ሊሠራው ከሚችለው በላይ ነው። የዚህ ሰው እጅግ አስደናቂው ታሪክ ግን ከዚህ በኋላ የሚጀምረው ነው።

በ1950 አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን የስሌት መኪና እንዴት ቼዝ ሊጫወት እንደሚችል የሚያስረዳ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። ቼዝን የማያውቅ አንባቢ ነገሩ እንዲገባው ጥቂት ላብራራ። ቼዝ አባቶቻችን ሰንጠረዥ ይሉት የነበረው ጨዋታ ዘመድ ነው። በስድሳ አራት ቤቶች ላይ ሁለት ጦር ይሰለፋል፤ የተጋጣሚውን ንጉሥ መውጫ ያሳጣ ያሸንፋል። በጨዋታው መካከል አንድ ተጫዋች ተራው ሲደርስ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው እርምጃዎች ሠላሳ ያህል ናቸው። ለእያንዳንዱ እርምጃ ተጋጣሚው ሠላሳ ያህል መልስ አለው። ስለዚህ አንድ እርምጃና አንድ መልስ ብቻ ለማየት ወደ ሺህ የሚጠጋ አቋም መመርመር ያስፈልጋል። ሁለት እርምጃና ሁለት መልስ ሲሆን ሚሊዮን ይሆናል፤ ሦስት ሲሆን ሺህ ሚሊዮን ይሆናል። ጨዋታውን እስከ ፍጻሜው ለማየት ግን፣ ሻነን እንደ ገመተው፣ ከአንድ ቀጥሎ 120 ዜሮ የሚጻፍበት ቍጥር ያስፈልጋል። ይህን ሊቈጥር የሚችል መኪና በዓለም አልተሠራም፤ ሊሠራም አይችልም።

ሻነን ሁለት መንገድ አሳየ። በመጀመሪያው መንገድ መኪናው እስከ አንድ ወሰን ድረስ ያሉትን እርምጃዎች ሁሉ፣ ጥሩውንም መጥፎውንም፣ አንድ ሳያስቀር ይመረምራል። በሁለተኛው መንገድ መኪናው እንደ ሰው ጥቂት ተስፋ ያላቸውን እርምጃዎች ብቻ መርጦ፣ እነርሱን አጥልቆ ያያል። የመጀመሪያው መንገድ የጕልበት ነው፤ ሁለተኛው የመምረጥ ነው።

ቦትቪኒክ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን መረጠ። ምክንያቱም ግልጽ ነበር። እርሱ ራሱ ታልን ሲረታ ሚሊዮን አቋም አልመረመረም። ግራንድ ማስተር ሰሌዳውን አይቶ የሚያስባቸው እርምጃዎች በጣት የሚቈጠሩ ናቸው፤ የቀሩትን ሳያያቸው ይጥላቸዋል። ይህ የመጣል ጥበብ ሊቁን ከጀማሪው የሚለየው ነው። እንግዲህ ሰው በዘገምተኛ አእምሮው ይህን ያህል የሚችል ከሆነ፣ የሰውን ዘዴ የተማረ ፈጣን መኪና ከሰው ሁሉ ይበልጣል ብሎ ቦትቪኒክ አሰበ። ማስተማሩም ከእርሱ የተሻለ ሰው የሚገኝለት ሥራ አልነበረም፤ ሻምፒዮንም መሐንዲስም የሆነ ሌላ ሰው በዓለም አልነበረምና።

በ1968 የቼዝን ጨዋታ ለመኪና የሚያስረዳ ዘዴ በመጽሐፍ አሳተመ። ዘዴው በአጭሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ጠጠር የሚያጠቃው ዒላማ ይፈለግለታል፤ ከቆመበት ቤት እስከ ዒላማው የሚደርስበት መንገድ ይሠመራል። ከዚያም ያን መንገድ ሊዘጉ የሚችሉ የጠላት ጠጠሮችና መንገዱን ሊያስከፍቱ የሚችሉ የወገን ጠጠሮች ይጨመራሉ። እንዲህ አንድ የውጊያ ቀበሌ ይፈጠራል። ከቀበሌው ውጭ ያለ እርምጃ ሁሉ አይታይም። በ1970 ከውድድር ተሰናብቶ ጊዜውን ለዚህ ሥራ ሰጠ። ከጥቂት ወጣት የሒሳብ ሊቃውንት ጋር ሆኖ የሚሠራውን ፕሮግራም ፒዮኔር፣ ማለትም ፈር ቀዳጅ፣ ብሎ ሰየመው። ዘዴው ለቼዝ ብቻ የሚጠቅም አልመሰለውም፤ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችን የጥገና ዕቅድ በዚሁ ዘዴ ለማውጣት ሠርቷል፤ የአገርን ኤኮኖሚም በዚህ ዐይነት ማቀድ ይቻላል የሚል ተስፋ ነበረው። እንግዲህ የተያዘው ነገር ከጨዋታ እጅግ የሚበልጥ ነበር።

ይሁን እንጂ ከዚህ አስቀድሞ አንድ ማስጠንቀቂያ መጥቶ ነበር። በ1966ና በ1967 የሞስኮ አንድ የፊዚክስ ተቋም ፕሮግራምና በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም በቴሌግራም አራት ጨዋታ ተጋጠሙ። የአሜሪካው መኪና መራጭ ነበር፤ የሞስኮው ግን ሁሉን የሚቈጥር ነበር። ቈጣሪው 3 ለ1 አሸነፈ። የዚያው ቈጣሪ ፕሮግራም ተከታይ የሆነው ካይሳ ደግሞ በ1974 በስቶክሆልም በተደረገው የመጀመሪያው የኮምፒዩተሮች የዓለም ቼዝ ውድድር አንደኛ ወጣ። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም። መራጭ መኪና ከመቶ ጊዜ አንድ ጊዜ ዋናውን እርምጃ ሳያየው ከጣለ ጨዋታው ያልቃል፤ ቈጣሪ መኪና ግን ሞኝ ቢሆንም በወሰኑ ውስጥ ያለ አንድ ነገር እንኳ አያመልጠውም።

ፒዮኔር በበኩሉ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አደረገ። ጆርጂያዊው ናዳሬሽቪሊ የደረሰውን፣ ሰውን የሚያደክም ረጅም የቼዝ እንቈቅልሽ፣ ሁለት መቶ ያህል እርምጃዎችን ብቻ መርምሮ ፈታው። ቈጣሪ መኪና በዚያ ዘመን ያን ያህል ርቆ ለማየት ስፍር ቍጥር የሌለው አቋም መፈተሽ ነበረበት። ስለዚህ የቦትቪኒክ አሳብ ባዶ አልነበረም። ግን ፒዮኔር በተመረጡ አቋሞች ላይ ጐበዝ ሆኖ፣ ከሌሎች መኪናዎች ጋር ለመወዳደር ሳይበቃ ቀረ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ፣ ሊጨመር የሚገባው ደንብ አላልቅ አለ።

በ1977 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ሁለተኛው የኮምፒዩተሮች የዓለም ውድድር ሲደረግ ቦትቪኒክ በክብር እንግድነት ተጠርቶ ሄደ። በዚያም ካይሳ ዳቸስ ከተባለ የአሜሪካ ፕሮግራም ጋር ተጋጠመ። በጨዋታው መካከል ዳቸስ በንግሥቱ የካይሳን ንጉሥ አስጠነቀቀ። ንጉሡ አንድ ቤት ሸሽቶ የሚድን ይመስል ነበር። ካይሳ ግን ንጉሡን ትቶ ግንቡን መካከል አስገባና በከንቱ አስበላ። በአዳራሹ የነበሩት ሊቃውንት ሁሉ፣ ቦትቪኒክም ጭምር፣ መኪናው ተሳሳተ ወይም ተበላሸ ብለው ደመደሙ። ካይሳም በግንቡ ጕድለት ምክንያት ጨዋታውን ተሸነፈ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ግን መኪናው ንጉሡ ቢሸሽ ምን ይሆን እንደ ነበር እንዲያሳይ ታዘዘ። መኪናውም አሳየ፤ ተጋጣሚው ንግሥቱን በፈቃዱ ሰውቶ፣ በጥቂት እርምጃ ንጉሡን መውጫ ያሳጣው ነበር። ይህን ሞት አዳራሹ ሙሉ ሊቅ አላየውም፤ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ሰውም አላየውም። መኪናው ግን አይቶት፣ ከሞት የግንብን መጥፋት መርጦ ነበር።

ጓደኞቼ ሆይ፣ በዚህ ታሪክ ላይ ጥቂት ቆም ብላችሁ አስቡ። ንግሥትን መሠዋት ሰው ሳያየው የሚጥለው እርምጃ ነው። ሰው ሊቅ የሆነበት ያ የመጣል ጥበብ በዚያች ቀን ዕውር አደረገው። የናቀው ቈጣሪ ግን ምንም ስለማይጥል አገኘው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንደሚባለው፣ ብዛት ብልኀትን የሚረታበት ጊዜ እንደ ቀረበ በዚያ አዳራሽ ምልክቱ ታየ። ቦትቪኒክ ግን መንገዱን አልለወጠም።

እርግጥ ነው፣ የቈጣሪዎቹም መንገድ አጭር አልነበረም። እስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሌቪ በ1968 እስከ ዐሥር ዓመት ድረስ የሚረታኝ መኪና አይገኝም ብሎ ተወራርዶ ነበር፤ በ1978 የዘመኑን ብርቱ ፕሮግራም ረትቶ ውርርዱን በላ። ከዚያ ወዲህ ግን የመኪናዎቹ ፍጥነት በየዓመቱ እያደገ ሄደ። በ1988 ዲፕ ሶት የተባለው የአሜሪካ መኪና የዴንማርኩን ዕውቅ ግራንድ ማስተር ላርሰንን በውድድር አሸነፈው። በ1989 ይኸው መኪና ከዓለሙ ሻምፒዮን ከጋሪ ካስፓሮቭ ጋር ሁለት ጨዋታ ገጥሞ ሁለቱንም ተሸነፈ።

ካስፓሮቭ ማን ነበር? የቦትቪኒክ ተማሪ ነበር። ቦትቪኒክ ለወጣት ተጫዋቾች ባቋቋመው ትምህርት ቤት ካርፖቭ፣ ካስፓሮቭና ክራምኒክ ተምረዋል፤ ሦስቱም በየጊዜያቸው የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። ካስፓሮቭ የመጣው በ1973 የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለ ነበር። እንግዲህ የሽማግሌውን ሁኔታ ተመልከቱት። በአንድ እጁ ማንም መኪና የማይረታውን ልጅ ያሳድጋል፤ በሌላ እጁ ደግሞ ያን ልጅ የሚረታ መኪና ለመሥራት ይደክማል። ልጁ የተነገረውን በቶሎ ተቀበለ፤ መኪናው ግን አልቀበልም አለ።

ለምን? መልሱ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። ካስፓሮቭን ሲያስተምር ቦትቪኒክ የሚያውቀውን ሁሉ መናገር አላስፈለገውም። ጨዋታህን መርምር፣ ይህን እርምጃ ለምን አደረግህ ብሎ ከጠየቀው፣ የቀረውን ልጁ በራሱ ይሞላዋል። መኪናው ግን የሚያውቀው የተጻፈለትን ብቻ ነው። ስለዚህ ቦትቪኒክ የገዛ አእምሮውን አሠራር አንድ ሳያስቀር መጻፍ ነበረበት። በዓለም ላይ እንደ እርሱ አስተሳሰቡን በጽሑፍ የመረመረ ተጫዋች አልነበረም፤ ሆኖም የጻፈው ሁሉ ተደምሮ የሚያውቀውን ያህል አልሆነም። ሻምፒዮኑ እንዴት እንደሚያሸንፍ ሻምፒዮኑ ራሱ ሙሉ በሙሉ አያውቀውም ነበር።

ቦትቪኒክ እስከ ሰማንያ ዓመቱ አልፎ ሥራውን ቀጠለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ ፕሮግራም ጀምሮ አንዳንድ ውጤት ሲያሳትም፣ ሌሎች ሊቃውንት መርምረው ስሕተት አገኙበት። ይህን መደበቅ ለእርሱ ክብር መስጠት አይሆንም፤ በሕይወቱ ሙሉ ስሕተትን አውጥቶ ማሳየትን ሲያስተምር የኖረ ሰው ነውና። በ1994 በለንደን በፈጣን ጨዋታ አንድ ተራ የገበያ ፕሮግራም ካስፓሮቭን ከውድድር አስወጣው። ቦትቪኒክ በሜይ 5 ቀን 1995 በሞስኮ ዐረፈ። ዕድሜው 83 ዓመት ነበር።

ከሞተ ዓመት ሳይሞላው በፌብሩዋሪ 1996 አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ የሠራው ዲፕ ብሉ ካስፓሮቭን አንድ ጨዋታ ረታ፤ በጠቅላላው ግን ካስፓሮቭ 4 ለ2 አሸነፈ። በሜይ 1997 በኒውዮርክ እንደገና ተጋጠሙ። ዲፕ ብሉ በአንድ ሴኮንድ ሁለት መቶ ሚሊዮን አቋም ይመረምር ነበር። በስድስተኛው ጨዋታ ካስፓሮቭ በዐሥራ ዘጠነኛው እርምጃ እጁን ሰጠ፤ ውጤቱም ሦስት ተኩል ለሁለት ተኩል ሆነ። በ2006 ደግሞ በጀርመን አገር በቦን ከተማ ሌላው ተማሪው ክራምኒክ ዲፕ ፍሪትዝ በተባለ ፕሮግራም 4 ለ2 ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ በእኩልነት ተሰልፎ የጊዜውን ብርቱ መኪና የረታ ሻምፒዮን የለም። መምህሩ መኪና ያሸንፋል ብሎ ነበር፤ ያሸነፈውም የገዛ ተማሪዎቹን ነው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ቦትቪኒክ መጨረሻውን ዐውቆ መንገዱን የሳተ ሰው ነው ብለን እንዘጋው ነበር። ግን በ2017 ሌላ ነገር ተሰማ። ዲፕማይንድ የተባለው የለንደን ኩባንያ አልፋዜሮ የተባለ ፕሮግራም ሠራ። ለዚህ ፕሮግራም ከጨዋታው ደንብ በቀር አንድ የቼዝ ትምህርት አልተሰጠውም፤ ራሱን በራሱ እየገጠመ በሰዓቶች ውስጥ ተማረ። ከዚያም በዘመኑ ከነበሩት ቈጣሪዎች ብርቱ ከሆነው ከስቶክፊሽ ጋር መቶ ጨዋታ ገጥሞ 28ቱን አሸነፈ፤ 72ቱን እኩል ለእኩል ተለያየ፤ አንድም አልተሸነፈም። ስቶክፊሽ በሴኮንድ ሰባ ሚሊዮን አቋም ሲመረምር አልፋዜሮ የሚመረምረው ሰማንያ ሺህ ብቻ ነበር። እንግዲህ ጥቂት አይቶ ብዙ ማወቅ ለመኪናም ይቻላል ማለት ነው። በዚህ ነገር ቦትቪኒክ ልክ ነበር። የተሳሳተው ያ የመምረጥ ጥበብ በሰው እጅ ተጽፎ ሊሰጥ ይችላል ባለው ላይ ነው። መኪናውም እንደ ካስፓሮቭ ራሱ መማር ነበረበት።

አሁን ወደ መዝናኛ ክፍላችን ክርክር ልመለስ። መኪናው ያሸንፋል፤ ይህን የሚክድ የለም። አስቦ ነው ወይስ ቈጥሮ ለሚለው ግን፣ ይህን ሰው ካወቅሁ ወዲህ እኔ ጥያቄውን ገልብጬ አየዋለሁ። እኛስ እንዴት እናስባለን? ፈተና ላይ መልሱን አግኝተን መንገዱን አሳዩ ስንባል የምንጨነቀው ለምንድን ነው? ከሰዎች ሁሉ ይልቅ አስተሳሰቡን የመረመረ ሰው ሠላሳ ዓመት ጽፎ ካልጨረሰው፣ ስለ ማሰብ እርግጠኛ ሆነን የምንከራከረው በምን ዕውቀታችን ነው?

አንዳንድ ጓደኞቼ መኪና ካሸነፈ ቼዝ መጫወት ምን ይጠቅማል ይሉኛል። በ1997 ብዙዎች ይህንኑ ፈርተው ነበር። ቼዝ ግን አልሞተም፤ ዛሬ ልጆች መኪናውን መምህር አድርገው ይማራሉ። ጕዳት ደርሷል ከተባለ የደረሰው በትዕቢታችን ላይ ነው። የቦትቪኒክ ጠቅላላ ሕይወት የሚያስተምረንም ይኸው ይመስለኛል። ጢስ በፊቱ ላይ እያስነፋ የተለማመደው፣ በሃምሳ ዓመቱ ተነሥቶ ወጣቱን የረታው ሰው፣ በሰማንያ ዓመቱም ስሕተት የሚያገኝበትን ሥራ ለሰው ከማሳየት አላፈረም። ፒዮኔር ለውድድር ሳይበቃ ቀረ። የተማሪዎቹ ጨዋታ ግን አለ፤ ያነሣውም ጥያቄ አለ። ነገ ማታ በመዝናኛ ክፍል ሰሌዳው ሲዘረጋ፣ ከመከራከራችን በፊት የገዛ ጨዋታችንን ጽፈን ስሕተታችንን ብንፈልግ፣ ከእርሱ ትምህርት አንድ ነገር አገኘን ማለት ነው።